የሐሙስ መርፌ

ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፤ ለጾሙ በተዘጋ ሥጋ ቤት ጓዳ ባለቤቱ ጥጋቡ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ወንበር ተደግፏል፤ የሠርጉ አንደኛ ሚዜ የነበረው የመድኃኒት ቤት ባለሙያ አስናቀ በሩ ላይ ቆሟል።

ጥጋቡ፦ ምን ትገተራለህ? ውጋኝና ልታጠቅ፤ ብርድ ገባኝ እኮ።

አስናቀ፦ አልወጋህም አልኩህ። ሱሪህን ታጠቅ።

ጥጋቡ፦ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ቀርቦልሃል። መድኃኒቱ ይኸው፣ መርፌው ይኸው፣ አልኮሉም ጥጡም ይኸው። ካንተ የሚፈለገው እጅህ ብቻ ነው።

አስናቀ፦ ይሄን ብልቃጥ ከየት አመጣኸው? እኔ ዕቃው ጠፍቷል ካልኩህ ሦስት ወር ሊሆነው ነው።

ጥጋቡ፦ አገሩ ላይ ያለው መድኃኒት ቤት ያንተ ብቻ ነው እንዴ? አንተ ጋ ሲጠፋ ሌላ ጋ ይገኛል።

አስናቀ፦ እና ስትወጋ ነው የከረምከው።

ጥጋቡ፦ ከጥር ወዲህ አንድም ሐሙስ አላለፈኝም። ምነው፣ ፊትህ ዐመድ መሰለ?

አስናቀ፦ ሐሙስ ሐሙስ? በየሳምንቱ?

ጥጋቡ፦ አንተማ በሦስት ሳምንት አንዴ እያልክ ስትሰስትብኝ ነበር። ሰው በየሳምንቱ ሲወጋ ነው የሚያውቀው። ጉልበቴን ባየህ። የበሬውን ጎን ብቻዬን ተሸክሜ መስቀያው ላይ ነው የማንጠለጥለው። በቅበላ ሰሞን ሠራተኞቼ ሲያዩኝ አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

አስናቀ፦ ጡቴን ያመኛል ስትል ነበር። እሱስ?

ጥጋቡ፦ እሱ ቀላል ነገር ነው። ሸሚዝ ሲነካው ያቃጥለኛል። ትንሽም አበጥ ብሏል።

አስናቀ፦ ቆለጥህስ?

ጥጋቡ፦ አንተ ሰውዬ ዛሬ ምን ነካህ? በጾም ስለ ቆለጥ ይወራል?

አስናቀ፦ በጾም ሱሪህን ያወለቅክልኝ አንተ ነህ። መልስልኝ።

ጥጋቡ፦ አነስ ብሏል። ብርዱ ነው ብዬ ተውኩት።

አስናቀ፦ ታጠቅና ተቀመጥ፣ ጥጋቡ። ከማክሰኞ ጀምሮ የምነግርህ ነገር አለኝ። ልመጣ ተነሥቼ ሁለቴ ከመንገድ ተመልሻለሁ።

ጥጋቡ፦ ምንም ቢሆን ይቆየኛል። እሁድ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ፤ ቄሰ ገበዝ ይሁኔ የእኔንም የትርንጎንም የምርመራ ወረቀት ይከፍታሉ፤ የሚስቴ ወረቀት መካን ይላል፣ የእኔ አንበሳ ይላል፤ አለቀ። የዛሬዋን መርፌ የፈለግኳት ደረቴን ነፍቼ እንድቀመጥ ነው።

አስናቀ፦ የላብራቶሪ ወረቀት አንበሳ አይልም። በቅበላ ዕለት ሽማግሌዎቹ ፊት የማልከውን ታስታውሳለህ?

ጥጋቡ፦ አንተው ዋስ ሆነህ እንዴት ይረሳኛል? «ወረቀቱ የከዳው፣ እኔም ብሆን እሷም ብትሆን፣ የለበሰውን ይዞ ከዚህ ቤት ይውጣ» አልኩ። መስቀል ተሳለምኩ።

አስናቀ፦ ማን ማል አለህ? ሽማግሌዎቹ እኮ ምርመራው ይታይ ብቻ ነበር ያሉት።

ጥጋቡ፦ ደሜ ፈልቶ ነዋ። አባቷ «ልጄ ላይ ብቻ አታሳብቡ» ብለው ሲያፈጡብኝ ምን ልበል? ደግሞ የምፈራው ነገር የለኝም። ይሄ መርፌ ከገባልኝ ወዲህ ማንንም አልፈራም።

አስናቀ፦ ትርንጎ በዚያን ጊዜ ምን አለች?

ጥጋቡ፦ «ይሁን» አለች። አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችው፤ ወረቀቱ በእኛ እጅ እንዳያልፍ፣ ከላብራቶሪው ታሽጎ በቀጥታ ለቄሰ ገበዝ ይድረስ አለች። አንጀቴን በላችው። በገዛ እጇ መውጫዋን ስታዘጋጅ ዝም ብዬ አየኋት።

አስናቀ፦ አሳዘነችህ፣ ግን ልታስወጣት ነው።

ጥጋቡ፦ ሰባት ዓመት ያለ ልጅ፣ አስናቀ። ሰባት ዓመት። እናቴ እያረጀች ነው። የጎረቤታችንን የሻለቃውን ልጅ አይታልኛለች፤ ነገሩ ካለቀ እሁድ ማታውኑ ሽማግሌ ይላካል። ትርንጎንም ቢሆን ባዶ እጇን አልሰዳትም። መሐላው መሐላ ነው እንጂ፣ በኋላ ቀስ ብዬ አስባታለሁ።

አስናቀ፦ ሰኞ የሰጠኸውን ናሙና የመረመረው አብሮኝ የተማረ ሰው ነው። ማክሰኞ ደወለልኝ። መደወል አልነበረበትም፣ ግን ሚዜህ መሆኔን ያውቃል።

ጥጋቡ፦ ይሄን ይዘህ ነው ሁለት ቀን የተንቆራጠጥከው? ተናገራ፤ ስንት ሆነ?

አስናቀ፦ ባዶ ነው።

ጥጋቡ፦ ምኑ ነው ባዶ?

አስናቀ፦ ዘር የለውም። አንድ እንኳ። አላምን ብሎ ሁለቴ አይቶታል።

ጥጋቡ፦ ዕቃ ተቀይሮበት ነው። የሌላ ሰው ይሆናል። እኔ ሰኞ ስሰጥ ሁለት ሰው ከኋላዬ ነበር።

አስናቀ፦ ስምህን ራስህ ነህ የጻፍክበት።

ጥጋቡ፦ ቢሆንስ ባዶ አይሆንም። በፊት እንኳ እንዲያ አልነበረም።

አስናቀ፦ በፊት እንዴት ነበር? አንተው ተናገር፣ እዚህ ከእኔ ሌላ የሚሰማህ የለም።

ጥጋቡ፦ ጥቂት ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ባሕር ዳር ወስደኸኝ ሐኪሙ ጥቂት አለው ብሎ ነበር። ታውቀው የለ፣ ምን ታስለፈልፈኛለህ?

አስናቀ፦ ጥቂት ያለው ሰው ተስፋ አለው። ለዚያ ነበር ሐኪሙ አንድ ሰዓት ሙሉ የለመነህ።

ጥጋቡ፦ ስለ ቦርጭ ነው ያወራው። እኔ ባሕር ዳር ድረስ የሄድኩት ለቦርጭ ነው? በመጨረሻ አንዲት ቁም ነገር ተናገረ፤ የወንድ ሆርሞንህ አንሷል አለኝ። እሷን ይዤ ወጣሁ።

አስናቀ፦ እሷን ብቻ ይዘህ ወጣህ፤ ጥፋቱም እዚያ ላይ ነው። ለምን እንዳነሰ ነግሮህ ነበር። ሃያ አምስት ኪሎ ቀንስና ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ አለህ። ስንት ቀነስክ?

ጥጋቡ፦ ሥጋ ቤት የያዘ ሰው ከስቶ ማን ይገዛዋል? ከሲታ ባለ ሥጋ ቤት ያየ ሰው ሥጋው ታመመ ይላል። አሁን ደግሞ ጾም ነው፤ ቅቤ አልነካሁም።

አስናቀ፦ ምሳ ምን በላህ?

ጥጋቡ፦ ሽሮ።

አስናቀ፦ በስንት እንጀራ?

ጥጋቡ፦ በአምስት። የጾም እንጀራ ምን አላት? ጠዋት የበላኋት ፓስታም አልያዘችልኝ።

አስናቀ፦ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ በሙያህ ነው። ሙክት ለምንድን ነው የሚኮላሸው?

ጥጋቡ፦ እንዲሰባ ነዋ። ይሄ ይጠየቃል? ቆለጡ ሲሄድ ልቡ ያርፋል። ሴት ማሳደድ ይተዋል፣ የበላው ሁሉ ጮማ ይሆናል። ሰንጋውም ያው ነው።

አስናቀ፦ ያንተ በግልባጩ ነው። አንተ መጀመሪያ ሰባህ፤ ስቡ ደግሞ እያኮላሸህ ነው።

ጥጋቡ፦ ስብ ምን እጅ አለውና ያኮላሸኛል? ዕድሜ ልኬን ስብ ስቆርጥ ነው የኖርኩት። ስብ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር ነው።

አስናቀ፦ መስቀያህ ላይ ያለው አዎ። ሆድህ ውስጥ ያለው ግን ይሠራል። ሐኪሙ እንደዚህ ነበር ያስረዳህ፤ ስቡ የራሱን ሆርሞን ያመነጫል፤ ከወንዱም ሆርሞን እየወሰደ ወደ ሴት ሆርሞን ይለውጣል። ሌፕቲን የሚባል ደግሞ አለ፤ «ጠግበናል» ብሎ ለአንጎል የሚናገር። ስቡ ሲበዛ ቀን ከሌት ሲጮህበት አንጎል መስማቱን ይተዋል። የሚሰማ ሲጠፋ ከላይ ወደ ታች የሚሄደው ትእዛዝ ይላላል። ትእዛዝ ካልደረሰው ቆለጥህ ምን ይሥራ?

ጥጋቡ፦ እሺ፣ ስቡ ወሰደብኝ እንበል። የወሰደውን እኔ በመርፌ ተካሁ። ጨው ያነሰው ወጥ ጨው ይጨመርበታል። ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

አስናቀ፦ እኔም እንደዚያ አስቤ ነው መስከረም ላይ የጀመርኩልህ። ከውጭ ስትሰጠው ግን አንጎል «ሞልቷል» ብሎ የቀረችውንም ትእዛዝ ያቆማል። ቆለጥህ ሥራ ይፈታል፣ ይኮሰምናል፣ ዘር ማውጣቱን ይተዋል። ጉልበቱ ይሰማሃል፣ ክንድህ ይጠነክራል፤ ዘርህ ይደርቃል። ከመርፌው ላይም ስቡ ድርሻውን አንሥቶ የሴት ያደርገዋል። ጡትህ ያበጠው በምን መሰለህ?

ጥጋቡ፦ ቆይ፣ ቆይ። አንተ ነህ የጀመርክልኝ።

አስናቀ፦ እኔ ነኝ።

ጥጋቡ፦ እዚችው ወንበር ላይ። «የጎደለህ ይሄው ነው» ብለህ።

አስናቀ፦ አዎ።

ጥጋቡ፦ የተማርክ ሰው ነህ እኮ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ እኔ በሬ አራጅ ነኝ። አንተ ነጭ ጋዋን ለብሰህ የምትቆም ሰው ነህ።

አስናቀ፦ ለመንከኝ፣ አለቀስክብኝ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሰጠሁህ። ለወንድሜ ብዬ ነው። ሰበብ አይሆነኝም። ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ሌላ ሐኪም ሳማክር «ልጅ የሚፈልግ ሰው ላይ? አብደሃል?» አለኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ዕቃው ጠፍቷል ብዬ ዋሸሁህ፤ የሚቆምልህ መስሎኝ ነበር።

ጥጋቡ፦ ለምን በአፍህ አልነገርከኝም?

አስናቀ፦ ፈራሁህ። ደግሞ አፈርኩ። ታኅሣሥ ላይ እንደተቋረጠ ቢቀር ኖሮ አሁን መመለስ ጀምሮ ነበር። አንተ ግን ከእኔ ብሰህ በየሳምንቱ ስትሞላው ከረምክ።

ጥጋቡ፦ ጉድ ነው። እንግዲህ ስማኝ፤ አንተ ስትፈራ እኔ መሐላ ውስጥ ገባሁ። ስለዚህ አሁን ታወጣኛለህ። ዛሬውኑ ሄደህ በእኔ ስም ናሙና ስጥ። ያ ጓደኛህ ወረቀቱን ይቀይረዋል።

አስናቀ፦ በስምህ?

ጥጋቡ፦ ሚዜዬ አይደለህ? የሠርጌ ለት ጣትህን ከጣቴ አቆላልፈህ «ያንተ ገመና የእኔ ገመና» ብለህ ምለህልኝ የለም? አንተ ሦስት ልጅ አለህ። አንዴ ብታካፍለኝ ምን ይጎድልሃል?

አስናቀ፦ ምንም አይጎድለኝም፤ እሷን ግን ታስወጣታለህ። በእኔ ወረቀት። በየት በኩል ዐይኗን አየዋለሁ?

ጥጋቡ፦ እሷን ተዋት፣ እኔን እየኝ። ቤቱ የአባቴ ነው። ሥጋ ቤቱን በእጄ ነው ያቆምኩት። እሁድ የለበስኩትን ይዤ ስወጣ ፍኖተ ሰላም ሙሉ በሩ ላይ ቆሞ ሊያይ ነው። ሰንጋው ሄደ ሊሉኝ ነው። አውቃቸዋለሁ።

አስናቀ፦ ብፈልግም ጊዜው አልፏል። ወረቀቱ ትናንት ታሽጎ ወጥቷል። ቄሰ ገበዝ እጅ ገብቷል።

ጥጋቡ፦ ቄሰ ገበዝን ብለምናቸውስ?

አስናቀ፦ መስቀል ያሳለሙህ እሳቸው ናቸው።

ጥጋቡ፦ እንግዲያው አበቃልኝ። ለምን መጣህ? እሁድ ከሰው ጋር እኩል ብሰማው አይሻልም ነበር?

አስናቀ፦ የመጣሁት አንድ መንገድ ስላለ ነው። መርፌውን ዛሬ ካቆምክና ኪሎህን ከቀነስክ፣ በአንድ ዓመት፣ ቢዘገይ በሁለት ዓመት፣ የነበረው ሊመለስ ይችላል። እርግጠኛ ነኝ አልልህም። መሐላውን ደግሞ ማንሣት የምትችለው የተማለባት ሴት ናት። ትርንጎ ሽማግሌዎቹ ፊት «ትቼለታለሁ» ካለች ወረቀቱ ሳይከፈት ይቀራል።

ጥጋቡ፦ ትርንጎ አባቷ ቤት ናት። ከሽማግሌ በፊት መገናኘት ነውር ነው ብለው ሰኞ ወሰዷት።

አስናቀ፦ ነውሩን እለፈው። ዛሬውኑ ሂድ። እኔም እከተልሃለሁ። የባሕር ዳሩን ወረቀት ሁለት ዓመት እንደደበቅካት በራስህ አፍ ንገራት፤ ጉድለቱ የማን እንደሆነ እያወቅህ ስሟን ያስጠፋኸው አንተ እንደሆንክ ንገራት። እግሯ ላይ ውደቅ።

ጥጋቡ፦ ያንን ወረቀት ማንም አያውቅም። አንተና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። ኮቴ ውስጥ፣ ሽፋኑ ውስጥ ሰፍቼዋለሁ።

አስናቀ፦ ለምን አልቀደድከውም?

ጥጋቡ፦ ጥቂት አለው ይላላ። እንዳለኝ የሚናገርልኝ እሱ ብቻ ነው። አፈርኩ፣ አስናቀ። እናቴ እሷን «በቅሎ» እያለች ስትሰድባት ያ ኮት ትከሻዬ ላይ ነበር። ሥር ቀቅለው ሲያጠጧት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር። ሌሊቱን ስታስታውክ ግንባሯን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

አስናቀ፦ ይሄንኑ ንገራት። እንዳለ።

ጥጋቡ፦ ትምረኛለች ብለህ ነው?

አስናቀ፦ አላውቅም። እኔ ብሆን አልምርህም።

ጥጋቡ፦ ትምረኛለች። አንተ አታውቃትም። ሰባት ዓመት አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። በሽማግሌ ከተያዝን በኋላ እንኳ እግሬን ታጥበኝ ነበር። የሚጠላ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ኮቴን አምጣልኝ፤ እዚያ ምስማር ላይ ነው። አሁን ልቤ መለስ አለ። ለእሷ ከነገርኳት ይቀለኛል።

አስናቀ፦ እንሂድ። ብልቃጡን ስጠኝ፣ መንገድ ላይ እጥለዋለሁ።

ጥጋቡ፦ ውሰደው። ምስኪን፣ ይሄን መድኃኒት ፍለጋ ስንት ደከመች። ለጤናዬ መስሏት። መጀመሪያ የምነግራት ይሄንን ነው፤ ድካምሽ በከንቱ ነበር ነው የምላት።

አስናቀ፦ ማን ናት የደከመችው?

ጥጋቡ፦ ትርንጎ ናታ። ባሕር ዳር እህቷ ጋ እየሄደች የምታመጣው እሷ ናት። የምትወጋኝም እሷ ናት። እጇ ላባ ነው፣ ካንተ ትሻላለች። አንድ ሐሙስ ለቅሶ ቤት ውዬ ብረሳው እዚያ ድረስ መጥታ ከሰው መሀል ጠርታ ወሰደችኝ።

አስናቀ፦ ትርንጎ ናት የምትወጋህ።

ጥጋቡ፦ እንዲያውም የዛሬውን አዘጋጅታልኝ ነው ወደ አባቷ የሄደችው። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ። «አስናቀ ይውጋህ» አለችኝ። አደራ ብላ፣ ሁለቴ።

አስናቀ፦ ስሜን ጠርታ?

ጥጋቡ፦ ስምህን ጠርታ። «ሌላ ሰው እንዳይነካህ፣ አስናቀ ራሱ ይውጋህ» አለች። ምነው? ብልቃጡን ምን ታገላብጠዋለህ?

አስናቀ፦ ጥጋቡ፣ ኮቱን አስቀምጥ።

ጥጋቡ፦ አሁን እንሂድ አላልክም?

አስናቀ፦ መርፌው ምን እንደሚያደርግ ላንተ መንገር ፈርቼ ለእሷ ነግሬያት ነበር። ቀስ ብላ ብታስረዳው ይሻላል ብዬ። የባሕር ዳሩንም ወረቀት የምታውቅ መስሎኝ አነሣሁባት። አታውቅም ነበር።

ጥጋቡ፦ ምን አለች?

አስናቀ፦ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ «መርፌው ቢቀጥል ምን ይሆናል?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አይቀርለትም አልኳት። «እሺ፣ አንተ ዝም በል፣ እኔ እነግረዋለሁ» አለች። አላለቀሰችም። አመስግናኝ ነው የወጣችው።

ጥጋቡ፦ መቼ ነው ይሄ?

አስናቀ፦ የጥር ሚካኤል ዕለት። ታቦቱን አስገብታ ስትመለስ ሱቄ ጎራ ብላ ነው።

ጥጋቡ፦ የጥር ሚካኤል ዕለት ከንግሡ ገብታ፣ ለራት እጄን እያስታጠበችኝ ነው፣ «ሚዜህ ጋ ከጠፋ እኔ ፈልጌ አመጣልሃለሁ፤ መውጋቱንም እኔው ልልመድልህ» ያለችኝ።